የጋሽ አረጋ ፍሬን

ጋሽ አረጋ ማረፋቸውን የሰማሁት የተፈታ ጎማ ላይ አጎንብሼ ነው። ከመርሳ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሾፌር፣ ደንበኛዬ ነው፣ ደጄ ላይ ሲደርስ ቀዝቀዝ አደረገና ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ የማጭዱ ሽማግሌ ሌሊቱን እንዳረፉ፣ ቀብሩም ከሰዓት በኋላ እዚያው መርሳ እንደሆነ ነግሮኝ ሄደ። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። ቀና ብዬ ኩርባውን አየሁ። ሰንበሌጡ የሰው ደረት ደርሷል። የወፍ ቆሎው የእግረኛውን መንገድ ውጦ ግማሽ ቅርንጫፉን አስፋልቱ ላይ ጥሏል። በመካከሉ የአደዩ እንቡጥ ብቅ ብቅ ብሏል። አዬ፣ አልኩ በልቤ፣ ዘንድሮ ማን ሊቆምልን ነው? እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ኩርባውን ማወቅ አለባችሁ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ቤቴ ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርደው አስፋልት የከተማዋን የመጨረሻ ቤቶች ትቶ በሚታጠፍበት ላይ ነው። በአንድ በኩል ተቆርጦ የቆመ አለት አለ። በሌላው በኩል ለም አፈር ያለው ተዳፋት፣ ከተዳፋቱም በላይ ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ በቀጭን መንገድ ወርደው፣ አስፋልቱን ተሻግረው ነው ወደየቤታቸው የሚገቡት። በበጋ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ክረምት ሲገባ ግን ያ ተዳፋት ያብዳል። አረሙ የእግረኛውን መንገድ ይወስደውና ሰው አስፋልቱ ላይ መሄድ ይጀምራል፤ ቁልቁል የሚመጣ ተሳቢ ደግሞ ኩርባውን ካልጨረሰ ሰው አያይም። የከተማው ጽዳት ሠራተኞች እስከ መጨረሻው ቤት ያጭዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሣር ባለቤት የለውም፤ ማለቴ፣ ጋሽ አረጋ እስኪመጡ ድረስ አልነበረውም።

ጋሽ አረጋ ከቤቴ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ። የመርሳ ልጅ ናቸው። ዘመናቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የወሎን ዳገትና ቁልቁለት ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው፣ ገና ጉልበት እያላቸው አንድ ቀን ቁልፉን ለባለመኪናው መልሰው ቀሩ። ለምን እንደተዉት አይናገሩም። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲሄዱም ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚሉ ሰው ናቸው። ጠዋት ኪዳን አስደርሰው ሲመለሱ ከጋቢያቸው ሥር ማጭድ ያወጡና ኩርባው ላይ ያጎነብሳሉ። ፀሐዩ ሲከር ደጄ መጥተው አንዲት ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ። ዱካዋ የእኔ ናት፤ ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ተቀምጦባት ግን አላስታውስም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነበራቸው። ከላይ የከባድ መኪና ድምፅ ሲመጣ፣ ወሬ ላይም ይሁኑ ምሳ ላይ፣ ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይረግጣል። ቀስ ብሎ ይጀምርና መኪናው ኩርባው ጋ ሲደርስ ተረከዛቸው አፈሩ ውስጥ ይገባል። የሚለቁት መኪናው ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ሲረግጡ ሲረግጡ ከዱካዋ ፊት ትንሽ ጉድጓድ ወጣች፤ ሲዘንብ ውሃ ትቋጥራለች። እኔም ሳልቀልድባቸው አላልፍም ነበር። «ጋሼ፣ መኪናው እኮ የራሱ ፍሬን አለው» ስላቸው፣ «ይኑረው፤ አንድ ቢጨመርለት ምን ይጎዳል?» ይሉኛል።

ሰፈሩ «የሣር ትራፊክ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ስሙም አላስቆጣቸውም። ኩርባው ላይ ብቻ አይደለም የሚያጭዱት፤ ወደ ከተማ ሲወጡም ዓይናቸው መንገድ ዳር መንገድ ዳሩን ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ የአጥሩን ቁጥቋጦ እግረኛ መንገዱ ላይ ለቆት አገኙና ሳያስፈቅዱ ከርክመው ቁጭ አደረጉት። ሰውዬው የውስጥ ልብሱን እንደለበሰ ወጥቶ በማን ፈቃድ ነው ብሎ ጮኸ። ጋሽ አረጋ ማጭዳቸውን እየወለወሉ በእርጋታ፣ በግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ይባረክለት፣ ጎዳና የወጣው ግን ጎዳና የወጣ ስለሆነ ባለቤቱ ብዙ ነው አሉት። እሳቸውም ደህና ዋል ብለውት ወደሚቀጥለው አጥር አለፉ።

መንገድ ዳር የሚበቅል ነገር ሁሉ አንድ ሰው ይደብቃል የሚል አባባል ነበራቸው። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይወርዳል፤ አረሙም የሚሰማቸው ይመስላቸዋል መሰለኝ። ሰውም ይህን እያየ የራሱን ታሪክ ሠራ። ሽማግሌው ሰው ገጭተዋል፣ እጃቸው ላይ ነፍስ አለ፣ ማጭዱም ንስሐቸው ነው ተባለ። ማን እንደሞተ፣ የት እንደሞተ የሚያውቅ አልነበረም። ወሬው ግን እሳቸው ባለፉ ቁጥር በሹክሹክታ ከኋላ ከኋላቸው ይሄድ ነበር።

ከእኛ ሰፈር ጋር ያጣላቸው አደይ አበባው ነው። የኩርባው አደይ ከጳጉሜ ጀምሮ እስከ ደመራ አይነካም፤ የልጆች ነው። የእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች የሚቀጥፉት ከዚያ ነው፣ የሰፈሩ ደመራም የሚያጌጠው በሱ ነው። ከደመራ በፊት ማጭድ ያሳረፈበት ሰው ዓመቱን ከሥሩ ቆረጠው ይባላል። ጋሽ አረጋ ደግሞ ከዓመቱ ቀን ሁሉ አጥብቀው የሚፈሩት ይህንኑ ጊዜ ነው። ሣሩ ከሁሉም ጊዜ ይልቅ የሚረዝምበት፣ ትምህርት ቤቱ የሚከፈትበት፣ አበባውም ልጁን ሁሉ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ የሚጠራበት ጊዜ ነው። ልጅ የሚጠራ ነገር መንገድ ዳር አይቀመጥም ብለው ለሰው ሁሉ ተናገሩ፤ የሰማቸው የለም።

አንድ ዓመት ታዲያ በጳጉሜ ማለዳ ተነሥተው ኩርባውን እንዳለ አወረዱት። ሰንበሌጡም፣ አደዩም፣ የወፍ ቆሎውም ሄደ። ልጆቹ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እየዘፈኑ መጥተው ቁርጥራጭ አገዳ አገኙ። እትዬ ጥሩ የምትባል ጎረቤታችን አለች፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ቸርቻሪ ናት፣ የሰፈሩን ደመራ በየዓመቱ የምታስጌጥ እሷ ናት። ያን ቀን ነጠላዋን መሬት አንጥፋ ሰው እንደ ሞተባት አለቀሰች። የዚያን ዓመት በረዶ እህሉን መታ፤ አንዲት አራስም ሞተችብን። ሁሉም ወደ ጋሽ አረጋ ዞረ። እሳቸውም ደጄ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የሚሉትን ሁሉ ሰሙ።

በመጨረሻ የዕድሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን ቆረጡት። ጋሽ አረጋ ሌላውን አረም እንደፈለጉ ይጨዱ፣ አደዩ ያለበትን ግን እስከ ደመራ አይንኩ ተባለ። እሳቸውም ተነሥተው እጅ ነሡና አንዲት ነገር ብቻ ለመኑ። «እንግዲያው አበባው እስካለ ድረስ እኔ እዚያ ልቁም» አሉ። ማን ይከለክላል? ከዚያ ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤት ሲገባና ሲለቀቅ፣ የአሮጌ ሸሚዝ ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ አስረው ኩርባው አናት ላይ ይቆማሉ። ዝናብ ቢወርድም ይቆማሉ። ሾፌሮቹም ለመዷቸው፤ ቀይ ጨርቋን ሲያዩ ማርሽ ይቀንሳሉ። እትዬ ጥሩ ሳትቀር እያደር ወደደቻቸውና የልጅ ልጇን ቤዛን ትምህርት ቤት ስትልክ፣ «ሽማግሌው ጋ ስትደርሺ ተሻገሪ» ማለት ጀመረች።

ስለተወራባቸው ነገር የጠየቅኋቸው በአንድ የሐምሌ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ሥራ የለም፣ ሁለታችንም ቆሎ ይዘን ተቀምጠናል። የገጩት ሰው አለ ወይ አልኳቸው። ቆሎውን ከእጃቸው ላይ መልሰው ሳህኑ ውስጥ አደረጉት።

«የለም» አሉኝ። «በዕድሜዬ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም።»

ከዚያ ነገሩኝ። መስከረም ላይ ጭነው እየወረዱ እዚሁ ኩርባ ላይ፣ ከአረሙ ውስጥ አንድ ልጅ ወጣ። አደይ እስከ አገጩ ታቅፏል። አበባው ፊቱን ሸፍኖት ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላወቁም። ፍሬን ያዙ። መኪናው ተንሸራቶ ተንሸራቶ፣ አፍንጫው አበባውን ነክቶ ቆመ። ልጁ አንዲት የወደቀች ዘለላ አነሣ፣ ከተቀረው ጋር አስተካክሎ አቀፈ፣ ተሻግሮ ሄደ። አልሮጠም፣ ዞሮም አላየም። እሳቸው ጭነቱን አድርሰው ቁልፉን መለሱ።

«ያን ቀን መኪናው ቆመ እንጂ እኔ አላቆምኩትም» አሉ። «የሞተ ቢሆን ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ይደርቃል። ያልሞተውን ልጅ እኔ የት ወስጄ ልቅበረው?»

የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ቀኖና ስጡኝ ብለው ነበር። ቄሱ ያልሠሩት ኃጢአት ቀኖና የለውም፣ ይልቅ ገብተው ያመስግኑ ብለው መለሷቸው። እሳቸው ግን ምስጋናው አልወጣ አላቸው። ማጭዱን ገዝተው ኩርባው አጠገብ ቤት ተከራዩ። የሰውንም ወሬ ያላስተባበሉት አውቀው ነው፤ ነፍስ አለበት ካሉ ማጭዴን አይነጥቁኝም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ከዚያ ወዲህ የከተማዋን ጎልማሳ ሁሉ፣ ሙሽራም ትሁን የባጃጅ ሾፌር፣ ይሄ ይሆን ያ ልጅ እያሉ ነው የሚያዩት። ሰው ሲያልፍ ለምን አተኩረው እንደሚያዩ ያን ቀን ገባኝ።

እኔንም የት እንዳደግሁ ጠየቁኝ። እዚሁ አልኳቸው። በልጅነቴ ከዚህ ኩርባ አደይ ያልቀጠፍኩበት መስከረም የለም። ፊቴ ላይ ድንገት የቆመ መኪና ግን ትዝ አይለኝም፤ እሱንም ነገርኳቸው። ጋሽ አረጋ ረጅም ጊዜ ፊቴን ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አዎ፣ ያ ልጅም አያስታውስም» አሉ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ደረታቸውን አመማቸው። እህታቸው ከመርሳ መጥታ ልትወስዳቸው ሚኒባስ አቁማ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ግን ኩርባውን እያዩ አልነቃነቅ አሉ። አረሙ ገና እስከ ጉልበት ነበር። እንደዚህ ቀድሞ ወፍሮ አይቼው አላውቅም፣ የዘንድሮውን መስከረም እፈራዋለሁ አሉኝ። ማጭዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አድርገው ተሳፈሩ። አደራ አላሉኝም። አደራ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ አልነበረም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ እህታቸው እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ወንድሟ ገደለው የተባለውን ሰው ቤተሰብ ፈልጋ መታረቅ፣ የወንድሟን ነፍስ ከእዳ ማውጣት ፈልጋለች። የገደለውን ሰው ስም አንተ ሳታውቀው አትቀርም አለችኝ። ማንንም እንዳልገደሉ፣ እንዴት እንደነበረም አንድ በአንድ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ስታምነኝ ደግሞ ይብስ አዘነች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ማንን ነው ያለቀሰው?» አለችኝ።

ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ይዤው ወልድያ ገባሁ።

ያንኑ ማምሻ እትዬ ጥሩ ቤት ሄጄ፣ ኩርባውን ነገ እንጨደው አልኳት። ጋሽ አረጋን እያነሣች ስታለቅስ የዋለች ሴት ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ዘንድሮማ አንዲት ዘለላ አትነካም አለችኝ። የዘንድሮው አደይ መታሰቢያቸው ነው፣ ደመራውን በስማቸው እናስጌጠዋለን። እኔም ስምምነቱ ሁለት ወገን እንደነበረው ነገርኳት፤ አበባውም ይቆማል፣ ጋሽ አረጋም ይቆማሉ ነው የተባለው። የእሳቸው ወገን ዛሬ መርሳ ተቀበረ አልኳት።

«ደመራ እስኪወጣ ነው ወንድምዓለም» አለችኝ። «ከዚያ እኔው ራሴ አጭደዋለሁ።»

ለዕድሩ ሽማግሌዎችም ነገርኳቸው፤ እነሱም ደመራ ይውጣ አሉ። ብቻዬን ማጭድ ይዤ ልወጣ አሰብኩና የበረዶውን ዓመት፣ የአራሷን ሞት፣ የሰፈሩን ዓይን አስታወስኩ። ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዝናቡም እንደ ወጉ ሳይወጣ መስከረምን ይዞ ገባ። አረሙ ሲያድር ይጨምራል። አንድ ባጃጅ መስተዋቱን ቅርንጫፍ መታው። አንድ አህያ ከሰንበሌጡ ድንገት ወጥታ ሚኒባስ አስደነገጠች። ሁሉም እየሳቀ አለፈ፤ እኔ ግን ልጆቹ በሚለቀቁበት ሰዓት መኪና ቢሰማቸው ብዬ የጎማ መንፊያውን ሞተር አጠፋለሁ። ቀይ ጨርቋን አስሬም ጥቂት ቀን ቆምኩ። ግን አንዱ ጎማ ሲመጣ እገባለሁ፣ አንዱን ስጨርስ እወጣለሁ፤ ቆመ የሚባል አይደለም።

ደመራ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዱካዋ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ደክሞኝ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም። ከላይ የተሳቢ ድምፅ መጣ። ጭነቱ ከባድ እንደሆነ ከሞተሩ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ነፋስ ሳይኖር የአደዩ አናት ሲነቃነቅ አየሁ። መነቃነቁ ወደ አስፋልቱ እየመጣ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ፍሬኑ ጮኸ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ዕድሜዬን የኖርኩበት ሽታ ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍንጫዬን ቆርጦት አያውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው ተሳቢው መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆሟል። አፍንጫው አበባው ውስጥ ነው። ከፊቱ ቤዛ፣ የእትዬ ጥሩ የልጅ ልጅ፣ አደይ እስከ አገጯ ታቅፋ ቆማለች። ጎንበስ አለችና አንዲት የወደቀች ዘለላ አነሣች። ከተቀረው ጋር አስተካክላ አቀፈች። ተሻግራ ሄደች። ዞራ እንኳ አላየችም።

ልነሣ ስል እግሬ አልመጣልኝ አለ። ዝቅ ብዬ ባይ ቀኝ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የጋሽ አረጋ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ጭቃው ጫማዬን ይዞታል።

ሾፌሩ ወጣት ነው። ሁለት እጁ መሪው ላይ ደርቆ ቀርቷል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። በሩን ከፍቼ ውረድ አልኩት፤ አልወረደም። አለች ወይ አለኝ። አለች አልኩት። «የማን ልጅ ናት?» አለኝ። ስሟን ነገርኩት። እጁን ይዤ አወረድኩና እትዬ ጥሩ ደጅ ድረስ ወሰድኩት። ቤዛ በረንዳው ላይ አደዩን በየዘለላው እየለየች ተቀምጣለች። ሾፌሩ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ፊቷን አየ፤ ጭንቅላቷን ነካ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ልጅ እንደሚያለቅስ አለቀሰ። ጋሽ አረጋ በዕድሜያቸው ያጡት ይህን ነበር፤ ፊት አይቶ፣ ስም ጠርቶ ማልቀስን።

እትዬ ጥሩ የሆነውን ስነግራት ገብታ ማጭዷን ይዛ ወጣች። እኔም በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣሁ። ደመራ ገና ነው ብሎ የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ ሲመሽ ኩርባው ራቁቱን ነበር። አደዩን በሙሉ ተሸክመን ደመራው በሚቆምበት ሜዳ አኖርነው። እትዬ ጥሩ መንገዱን ሁሉ ከንፈሯን ነክሳ ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ቤዛ የሀገር ልብሷን ለብሳ ደጄ ላይ ስታልፍ ጠራኋት። ዱካዋ ላይ ነበርኩ። ትናንት መኪናው በጣም አስደነገጠሽ ወይ አልኳት። ግራ ተጋብታ አየችኝ።

«የቱ መኪና?» አለችኝ።

ከላይ ሌላ ተሳቢ እየወረደ ነበር፤ ቀኝ እግሬ ከእኔ ቀድሞ መሬቱን ረገጠ።